የተፈረደውና እጅ የገባው
የፍቺ ቀለብ በቁጥር ሲመረመር



ስለ አሜሪካ ፍቺ በየሰርጉና በየለቅሶው ሁለት ዓይነት ወሬ ይሰማል። አንዱ ወገን «እዚያ አገር ሴት ከተፈታች ዕድሜ ልኳን በባሏ ገንዘብ ትኖራለች» ይላል። ሌላው ደግሞ «እዚያ አገር አባት ልጁን ትቶ ቢሄድ የሚጠይቀው የለም» ይላል። ሁለቱም ተናጋሪዎች የሚያውቁትን አንድ ሰው በምስክርነት ይጠራሉ። ይሁን እንጂ የአንድ ሰው ታሪክ የአገር ታሪክ ሊሆን አይችልም። ለመሆኑ ቤት ለቤት እየዞሩ እናቶችን የጠየቁ ሰዎች ያገኙት መልስ ምን ነበር? መልሱስ ነፈቃን በዲኑ ለተማረ ሙስሊም ቤተሰብ ምን ይነግረዋል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን መመልከት ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ያልተጠየቀው ጥያቄ

በአሜሪካ የልጅ ቀለብ ጉዳይ ለረጅም ዘመን በየክፍለ አገሩ ፍርድ ቤት ሲወሰን የኖረ ነው። ዳኛው ይፈርዳል፣ ጸሐፊው ይመዘግባል፣ መዝገቡም ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ገንዘቡ እናትየው እጅ መግባቱን በአገር ደረጃ ቆጥሮ የሚያውቅ አልነበረም። መንግሥት ነገሩን በብርቱ የያዘው በጥር 1975 ፕሬዚዳንት ፎርድ የልጅ ቀለብ ማስፈጸሚያ ሕግን በፈረሙ ጊዜ ነው። ዋናው ምክንያትም የበጀት ጉዳይ ነበር። አባቶች ሳይከፍሉ ሲቀሩ እናቶችና ልጆች በመንግሥት ድጎማ ይወድቁ ስለነበር፣ መንግሥት ያወጣውን ከአባቶቹ ለማስመለስ ፈለገ። ከድጎማ ተቀባይ ቤተሰቦች አባቶች የሚሰበሰበውም ገንዘብ በአብዛኛው ለልጁ ሳይሆን ለመንግሥት ካዝና ገቢ ይደረግ ነበር።

በሚያዝያ 1979 የአገሪቱ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ በየወሩ በሚያካሂደው የቤተሰብ ናሙና ጥናት ላይ አዲስ ጥያቄዎችን ጨመረ። ጥያቄዎቹ ቀላል ነበሩ። ቀለብ ተቆርጦልሽ ነበርን? ባለፈው ዓመት ሊደርስሽ የሚገባው ስንት ነበር? የደረሰሽስ ስንት ነው? የተቆረጠውና የደረሰው ተለያይተው በመጠየቃቸው፣ በፍርድ ወረቀቱና በልጁ ሳህን መካከል ያለው ርቀት ለመጀመሪያ ጊዜ በአገር ደረጃ ተለካ።

የተገኘው ውጤት

በዚያ ጥናት መሠረት አባቱ አብሮት የማይኖር ልጅ የሚያሳድጉ እናቶች 7.1 ሚሊዮን ያህል ነበሩ። ከእነዚህ ውስጥ በፍርድም ሆነ በስምምነት የልጅ ቀለብ የተቆረጠላቸው ከመቶ 59 ናቸው። ሳያገቡ ከወለዱት መካከል ደግሞ የተቆረጠላቸው ከመቶ 11 ያህሉ ብቻ ነበሩ። በ1978 ክፍያ ሊደርሳቸው ይገባ የነበረው እናቶች ወደ 3.4 ሚሊዮን ይጠጋሉ። ከእነዚህ መካከል ሙሉውን ያገኙት ከመቶ 49፣ ጎደሎውን ያገኙት ከመቶ 23፣ አንዲት ሳንቲም ያላዩት ደግሞ ከመቶ 28 ነበሩ። እንግዲህ ልጅ ከሚያሳድጉት እናቶች ሁሉ ስናሰላ፣ ሙሉ ቀለብ የደረሳት ከአራት አንዷ ገደማ ብቻ ነች ማለት ነው። የከፈሉትም ቢሆኑ በአማካይ የከፈሉት በዓመት 1,800 ዶላር ያህል ነበር።

«ዕድሜ ልኳን በባሏ ገንዘብ ትኖራለች» የሚለው ወሬስ? አሊሞኒ የሚሉት ለራሷ ለተፈታችው ሚስት የሚቆረጥ መተዳደሪያ ነው። በዚያው ጥናት ከተፈቱት ወይም ከተለያዩት 14.3 ሚሊዮን ሴቶች መካከል ይህ የተቆረጠላቸው ከመቶ 14 ያህሉ ብቻ ሆነው ተገኙ። ፊልሙና ጋዜጣው የሀብታሞችን ፍቺ ሲያወራ፣ ከመቶ ሰማንያ ስድስቱ ሴቶች ለራሳቸው የተቆረጠላቸው አንዳች ነገር አልነበረም። «የሚጠይቀው የለም» የሚለውም ቢሆን እውነት አልነበረም። ፍርድ ቤቱ ይጠይቃል፣ ወረቀቱም አለ። የጎደለው ወረቀቱ በቤቱ ውስጥ እንጀራ መሆኑ ነበር።

የሂንድ አቤቱታ

ሙስሊም አንባቢ ይህን ሲያነብ አንድ የታወቀ ታሪክ ወደ ልቡ መምጣቱ አይቀርም። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት፣ የአቡ ሱፍያን ባለቤት ሂንድ ቢንት ዑትባ ወደ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ቀርባ ባሏ ቆጣቢ ሰው መሆኑን፣ የሚሰጣትም ለእርሷና ለልጇ እንደማይበቃ፣ እርሱ ሳያውቅ ከገንዘቡ ካልወሰደች በቀር ቤቱ እንደማይሞላ ነገረቻቸው። እርሳቸውም ለእርሷና ለልጇ የሚበቃውን በመልካም ልማድ መጠን እንድትወስድ ፈቀዱላት።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ነገሮችን ልብ እንበል። አንደኛ፣ አቡ ሱፍያን ድሃ አልነበረም፤ ቤቱም አልፈረሰም፤ ነፈቃም ጨርሶ አልተከለከለም። የተነሣው ጥያቄ የተሰጠው ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚል ነበር። በ1979 የተጠየቀው ጥያቄ ከሂንድ አቤቱታ ጋር ቅርብ ዝምድና አለው። ሁለተኛ፣ የተሰማው የአንድ ወገን ቃል ነው። ስለዚህም ዑለማዎቻችን ይህ ፍርድ ነው ወይስ ፈትዋ ብለው ተወያይተዋል። ኢማም አል-ነወዊን የመሳሰሉት ባልየው እዚያው ከተማ እያለ አልተጠራምና ነገሩ ፈትዋ እንጂ በሌለ ሰው ላይ የተሰጠ ፍርድ አይደለም ብለዋል።

ይህ ጥንቃቄ ለጥናቶቹም ይሠራል። ጥናቱ የሚጠይቀው ልጁን የያዘችውን እናት ነው። አባትየው የሰጠውን ልብስ ወይም የከፈለውን የትምህርት ቤት ወጪ ሁለቱ ወላጆች እኩል ላይቆጥሩት ይችላሉ። በመጀመሪያዎቹ ጥናቶች የተጠየቁትም ሴቶች ብቻ ነበሩ። ልጅ የያዙ አባቶች በጥናቱ የተካተቱት በ1992 ነው። በኋለኞቹ ጥናቶች ልጅ ይዘው ከሚያሳድጉት ወላጆች ከአምስት አንዱ ያህል አባት መሆኑ ታውቋል።

አንድ ቁጥር ዓለምን ሲዞር

ቁጥር ጥሩ ምስክር የሚሆነው ራሱም ሲመረመር ነው። ለዚህ የሚሆን ማስተማሪያ ከዚያው አገር እናገኛለን። በ1985 ሌኖር ዌይትዝማን የተባሉ የማኅበራዊ ጥናት ምሁር ስለ ፍቺ ሕግ አንድ መጽሐፍ አሳተሙ። ጥናታቸው በሎስ አንጀለስ አውራጃ በ1977 የተፋቱ 114 ሴቶችንና 114 ወንዶችን በመጠየቅ የተሠራ ነበር። ከመጽሐፉ ሁሉ ጎልቶ የወጣው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ከፍቺ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ የሴቶችና የልጆች የኑሮ ደረጃ በ73 ከመቶ ሲወድቅ የወንዶች በ42 ከመቶ ከፍ ይላል የሚል ነበር። ይህ ቁጥር በጋዜጣ፣ በሕግ መጽሔቶችና በፍርድ ቤቶች ውሳኔ ውስጥ ሳይቀር ተደጋግሞ ተጠቀሰ።

የኑሮ ደረጃ የሚለካው እንዴት ነው? ገቢውን ከቤቱ ሰዎች ቁጥር ጋር በማመዛዘን ነው። በዓመት 30 ሺህ ዶላር የሚያገባ አራት ሰው ያለበት ቤት ፈረሰ እንበል። አባት 20 ሺህ ይዞ ብቻውን ወጣ፤ እናት 10 ሺህ ይዛ ከሁለት ልጆች ጋር ቀረች። ገቢው ለሁለት ሲከፈል የአፉ ቁጥር ግን በዚያው ልክ አልተከፈለም። አባትየው ለአንድ አፍ 20 ሺህ ሲኖረው፣ በእርሷ ቤት ለአንድ አፍ የሚደርሰው 3,300 ገደማ ነው። በእርግጥ ተመራማሪዎቹ ስሌቱን የሚሠሩት ከዚህ በረቀቀ መንገድ ነው፤ አንድ ቤት ኪራዩንና ማድቤቱን ስለሚጋራ ሦስት ሰው የአንድን ሰው ሦስት እጥፍ አያወጣምና። መሠረቱ ግን ይኸው ነው።

ሌሎች ተመራማሪዎች 73 የሚለውን ቁጥር ተጠራጠሩ። የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ከ1968 ጀምሮ ወደ 5 ሺህ የሚጠጉ ቤተሰቦችን እየተከታተለ ገቢያቸውን ሲመዘግብ ቆይቷል። በዚያ መዝገብ የሠሩት ሶል ሆፍማንና ግሬግ ዳንከን በ1988 ባሳተሙት ጽሑፍ የሴቶቹ ውድቀት ወደ 30 ከመቶ የሚጠጋ መሆኑን አሳዩ። በመጨረሻም ሪቻርድ ፒተርሰን የዌይትዝማንን የራሳቸውን መረጃ አግኝተው እንደገና አሰሉትና ውጤቱን በ1996 አወጡ። የሴቶቹ ውድቀት 27 ከመቶ፣ የወንዶቹ ጭማሪ 10 ከመቶ ሆኖ ተገኘ። ዌይትዝማንም ስህተት መኖሩን አመኑ። ልዩነቱን አንባቢ ራሱ ይመዝነው። ከመቶ 73 ሲወድቅ እጅ ላይ የሚቀረው 27 ነው፤ ከመቶ 27 ሲወድቅ ግን የሚቀረው 73 ነው።

ታዲያ ከዚህ ምን እንማራለን? «እንግዲያው ሴቶቹ አልተጎዱም» ብሎ የሚደመድም ሰው ዳግመኛ ተሳስቷል። በትክክለኛውም ስሌት እናትና ልጅ ከአራት እጅ አንዱን ከሚበልጥ የኑሮ ደረጃ ሲያጡ አባት ትንሽ ከፍ ብሏል። እውነተኛው ቁጥር ብቻውን በቂ ነበር፤ ማጋነኑ እውነትን አልጠቀመም፤ ተጠራጣሪ እንዲበዛ ብቻ አደረገ። በአል-ሑጁራት ምዕራፍ ወሬን እንድናጣራ የታዘዝነው፣ ሳናውቅ ሰዎችን ጎድተን በሠራነው እንዳንጸጸት ነው። ለተበደለ ሰው መቆርቆር ከማጣራት ግዴታ ነፃ አያወጣም።

ስንት ይበቃል?

የደረሰው ስንት ነው ከሚለው ቀጥሎ ሊደርስ የሚገባው ስንት ነው የሚለው ይመጣል። በአሜሪካ እስከ 1980ዎቹ ድረስ ይህ ለየዳኛው የተተወ ስለነበር፣ ተመሳሳይ ገቢ ያላቸው ሁለት አባቶች በአንድ ከተማ የተለያየ ሊፈረድባቸው ይችል ነበር። የ1984ቱ ሕግ ክፍለ አገሮች ሁሉ የቀለብ መመሪያ እንዲያወጡ አዘዘ፤ የ1988ቱ ደግሞ ዳኞች ከመመሪያው የሚወጡበትን ምክንያት እንዲጽፉ አስገደደ። ዊስኮንሲን ከአባት ገቢ ለአንድ ልጅ 17፣ ለሁለት 25፣ ለሦስት ልጆች 29 ከመቶ ብሎ ወሰነ። አብዛኞቹ ክፍለ አገሮች ግን የሁለቱን ወላጆች ገቢ ደምረው ለየድርሻቸው የሚያካፍለውን ዘዴ መረጡ።

ለልጅ የሚወጣውን ገንዘብ ከየት አወቁት? ከቤተሰብ ወጪ ጥናት ነው። ኧርንስት ኤንግል የተባለው ጀርመናዊ የስታትስቲክስ ሰው በ1857 የቤልጂግ ሠራተኞችን ወጪ መርምሮ፣ ቤት በደኸየ ቁጥር ከገቢው ለምግብ የሚውለው ድርሻ እንደሚበዛ አሳይቶ ነበር። የዛሬዎቹም ተመራማሪዎች በዚያ መንገድና በሌሎችም ዘዴዎች ልጅ ያለውንና የሌለውን ቤት እያነጻጸሩ የልጁን ድርሻ ይገምታሉ።

ይህ ጥያቄ ለፊቅህ ሊቃውንት እንግዳ አይደለም። የሐነፊው ሊቅ አል-ኸስሷፍ ገና በዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነፈቃን ብቻ የሚመለከት መጽሐፍ ጽፈዋል። በሻፊዒይ መዝሀብ ለሚስት የሚቆረጠው እህል በልክ የተወሰነ ነው። ባለጸጋ በቀን ሁለት ሙድ፣ ድሃ አንድ ሙድ፣ መካከለኛው አንድ ተኩል ሙድ ይሰጣል። ሌሎቹ መዝሀቦች መለኪያውን የሚበቃ መጠን አድርገው ለልማድና ለቃዲው ግምት ተዉት። የልጅ ነፈቃ ግን በሻፊዒዮችም ዘንድ በሚበቃ መጠን ነው። ፍቺም ይህን አያቋርጠውም። በአል-በቀራ ምዕራፍ የሚያጠቡ እናቶችን ምግብና ልብስ በመልካም ልማድ መስጠት በልጁ አባት ላይ ተደርጓል። በአጥ-ጠላቅ ምዕራፍም የተፈታችው ሴት ልጁን ካጠባች ዋጋዋ እንዲሰጣት፣ ጉዳዩንም በመልካም እንዲመካከሩበት ታዟል። ለራሷ ደግሞ ሊመለስባት በሚችል ጠላቅ ላይ ካለች ወይም እርጉዝ ከሆነች በዒድዳዋ ዘመን ነፈቃ አላት። ከዚህም ሌላ ለተፈቱ ሴቶች የሚሰጠው ሙትዓ አለ፤ ግዴታነቱን በተመለከተ መዝሀቦቹ ቢለያዩም ቁርኣን በጥሩ ሁኔታ አንሥቶታል።

ከሩቅ ያለ ባልም ከዚህ አላመለጠም። ዑመር ኢብኑል ኸጥጧብ (ረ.ዐ.) ከሚስቶቻቸው ርቀው ስላሉ ወንዶች ለጦር አዛዦቻቸው ጽፈው፣ ወይ ነፈቃ እንዲልኩ ወይ እንዲፈቱ፣ ከፈቱም ያለፈውን ዘመን ነፈቃ እንዲልኩ ማዘዛቸው ተዘግቧል። በአሜሪካ ቀለብ ከደመወዝ ላይ ተቆርጦ እንዲላክ የሚያዘው አሠራር በአገሪቱ ሁሉ የተስፋፋው ከ1984ቱና ከ1988ቱ ሕግ ወዲህ ነው።

የማይችለው ሰውየ

ሕጉ ሲጠብቅ ግን ሌላ ችግር ብቅ አለ። በ1986 የወጣ ሕግ አንድ ጊዜ የተወዘፈ ቀለብ ወደ ኋላ ተመልሶ እንዳይቀነስ ከለከለ። ዓላማው ሸሺውን መያዝ ነበር። በ2007 ዘጠኝ ትላልቅ ክፍለ አገሮችን የመረመረ ጥናት ግን፣ ከጠቅላላው ውዝፍ ዕዳ 70 ከመቶ ያህሉ የተመዘገበ ገቢያቸው በዓመት ከ10 ሺህ ዶላር በማይበልጥ ወይም ምንም በሌላቸው ሰዎች ላይ የተከመረ መሆኑን አገኘ። በደቡብ ካሮላይና አንድ አባት የ5,728 ዶላር ውዝፍ አልከፈልክም ተብሎ፣ መክፈል ይችል እንደሆነ በግልጽ ሳይመረመር አሥራ ሁለት ወር ታሰረ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱም በ2011 ከእስር በፊት የመክፈል አቅም በአግባቡ ሊጣራ ይገባል ሲል ወሰነ። በ2016 ማብቂያ የወጣው የፌዴራል ደንብም ቀለብ ሲቆረጥ የከፋዩ እውነተኛ አቅም እንዲታይ አዘዘ።

በአጥ-ጠላቅ ምዕራፍ አላህ (ሱ.ወ.) ባለጸጋው ከጸጋው እንዲሰጥ፣ ሲሳዩ የጠበበበትም ከተሰጠው እንዲሰጥ አዟል፤ ነፍስንም ከሰጣት በላይ እንደማያስገድድ ነግሮናል። በአል-በቀራም ለተቸገረ ባለዕዳ እስኪገላገል ጊዜ እንዲሰጠው ታዟል። ይሁንና ይህ ለሚችል ሰው መደበቂያ አይሆንም። አቡ ሱፍያን ይችል ነበርና ሂንድ ተፈቀደላት። የማይችል ሰው ጊዜ ይሰጠዋል፤ ልጁ ግን በዚያ ጊዜ ውስጥ መብላቱን አይተውምና ዘመድና ጀመዓ ሊደርሱለት ይገባል።

ለ2017 የተሠራው የቆጠራ ቢሮው ጥናት ነገሩን ከመነሻው ጋር ለማነጻጸር ይረዳናል። በዚያ ዓመት ሊከፈል ይገባ የነበረው የልጅ ቀለብ 30 ቢሊዮን ዶላር ያህል ሲሆን የደረሰው ከመቶ 62 ነበር። ሙሉውን ያገኙት ወላጆች ከመቶ 46 ያህል፣ ምንም ያላገኙት ከመቶ 30 ያህል ናቸው። ከ1978ቱ 49 እና 28 ጋር ሲተያይ ብዙም ያልተለወጠ ይመስላል። ለነገሩ በመካከሉ ቀድሞ ፈጽሞ የማይቆረጥላቸው ብዙ ድሃ እናቶች ወደ መዝገቡ ገብተዋል፤ ስለዚህ ሁለቱ ቁጥሮች የአንድ ዓይነት ሰዎች አይደሉም። ይህም ሆኖ አርባ ዓመት ሙሉ ሕግ በሕግ ላይ ተጨምሮ፣ ከደመወዝ እየተቆረጠ፣ እስር ቤትም እየተዘጋጀ፣ ሙሉ ቀለብ የሚደርሰው ቤት ከግማሽ አልዘለለም።

እኛስ?

በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ኒካሕ አስረው ቢፋቱ የልጁ ቀለብ የሚቆረጠው በክፍለ አገሩ ሕግ ነው፤ በመስጊድ የተደረገ ስምምነት ብቻውን ዳኛውን አያስረውም። በአገራችን ደግሞ በ1999 የወጣው የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አዋጅ፣ ሁለቱም ወገኖች ሲስማሙ ቃዲዎቹ ከሚያዩአቸው ጉዳዮች መካከል ጋብቻን፣ ፍቺንና ቀለብን ዘርዝሯል። በሁለቱም አገር ግን ፍርዱ የመንገዱ መጀመሪያ ነው።

ሽማግሌዎቻችን ባልና ሚስትን ሲለያዩ ስለ መህሩና ስለ ዕቃው ብዙ ይነጋገራሉ፤ ስለ ልጁ ግን «አባቱ አይጨክንም» ብለው ይነሣሉ። ይህ አይበቃም። ለልጁ በወር ስንት እንደሚሰጥ፣ በማን እጅ እንደሚላክ፣ ከስንት ዓመት በኋላ እንደሚከለስ በምስክር ፊት ይጻፍ። ከሦስት ወር በኋላም ከሽማግሌዎቹ አንዱ ተመልሶ እናትየውን «ደረሰሽ ወይ?» ብሎ ይጠይቃት፤ አባትየውንም «ቻልከው ወይ?» ይበለው። ይህን ለማድረግ የቆጠራ ቢሮ አያስፈልግም። የመንደሩ ሰው ሁሉ ማን እንደተፋታ ያውቃል፤ የልጁ ወተት ከየት እንደሚመጣ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለሰው በኃላፊነቱ ሥር ያሉትን መጣሉ ብቻ በቂ ኃጢአት መሆኑን አስጠንቅቀዋል። ሚስት ከቤት ብትወጣም ልጅ ከአባቱ ኃላፊነት አይወጣም።

አላህ (ሱ.ወ.) ለልጆቻችን ያለብንን አማና ሳናጎድል የምናደርስ ያድርገን። ወላሁ አዕለም።